የኪራይ ጣሪያውና ሰባተኛው ወር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሊዝ ማደሻ ወረቀት ሲመጣ ብዙ ወገኖቻችን የሚያዩት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ አዲሱን ኪራይ። ከደመወዛቸው ጋር ያስተያዩታል፣ ትርፍ ሰዓት ይሠራ ወይስ ቤት ይፈለግ ብለው ይመክራሉ፣ ከዚያ ወይ ይፈርማሉ ወይ ዕቃቸውን ይሸክፋሉ። ወረቀቱ ራሱ ሕጋዊ መሆን አለመሆኑን የሚመረምር ጥቂት ነው። በሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ለሚኖር ተከራይ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። ካውንቲው ከጁላይ 23 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ የኪራይ ጣሪያ፣ ማለትም የዓመት ጭማሪ ገደብ፣ አለውና። ሕጉ ግን ራሱን በራሱ አያስፈጽምም። አከራዩ ከጣሪያው በላይ ጠይቆ ተከራዩ ዝም ብሎ ቢፈርም፣ በር አንኳኩቶ "ይህ ትክክል አይደለም" የሚል የካውንቲ ሠራተኛ አይመጣም።

በዚህ ደብዳቤ ጣሪያው እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር አስቀምጣለሁ። ከዚያም ሕጉን ከውስጥ የሚቦረቡረውን ቀዳዳ፣ ማለትም አከራይ ምንም ምክንያት ሳይሰጥ "ሊዝህን አላድስም" ማለት መቻሉን፣ የስቴቱ ሕግ አውጪ በሚሰበሰብበት በአናፖሊስ ለመድፈን ምን እንደሚያስፈልግ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ሥልጣኑ የት እንዳለ እንወቅ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ብንለውም ከንቲባም የከተማ ምክር ቤትም የለውም። የቤት ፍተሻም ሆነ የኪራይ ደንብ የሚወሰነው ሮክቪል በሚሰበሰበው የካውንቲው ካውንስል ነው። ካውንስሉ 11 አባላት አሉት፤ 7ቱ እያንዳንዳቸው አንድ ዲስትሪክት ይወክላሉ፣ 4ቱ ደግሞ መላውን ካውንቲ። ስለዚህ እያንዳንዱ ነዋሪ ስልክ ደውሎ "የእኔ ተወካይ ነዎት" ሊላቸው የሚችሉ 5 ሰዎች አሉት። ይህን የሚያውቅና የሚጠቀምበት ማኅበረሰብ ይሰማል፤ የማይጠቀምበት ይረሳል።

ጣሪያው የመጣውም በዚህ መንገድ ነው። በ2023 ሁለት ረቂቆች ቀርበው ነበር። የካውንስል አባላቱ ዊል ጃዋንዶና ክሪስቲን ሚንክ ያቀረቡት ጭማሪውን በዓመት ቢበዛ በ3 በመቶ የሚገድብ ነበር። ሌላው፣ ናታሊ ፋኒ-ጎንዛሌዝ ያቀረቡት፣ በዋጋ ግሽበቱ ላይ 8 በመቶ እንዲጨመር ይፈቅድ ነበር። ተከራዮች ካውንስሉ የሕዝብ አስተያየት በሚሰማባቸው ችሎቶች እየቀረቡ መሰከሩ፣ አከራዮችና ገንቢዎችም መሰከሩ፣ በመጨረሻ ጁላይ 18 ቀን 2023 ካውንስሉ በ7 ለ4 ድምፅ መሐል ላይ ያለውን አጸደቀ፦ የአካባቢው የዋጋ ግሽበት ሲደመር 3 በመቶ፣ ወይም 6 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚያንሰው። ለእኔ 6 በመቶም ብዙ ነው። ደመወዙ በዓመት 6 በመቶ የሚያድግለት የፓርኪንግ ሠራተኛ ወይም የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ስንት አለ? ቢሆንም ከዚያ በፊት ቋሚ ገደብ እንዳልነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል።

መቶኛው በየዓመቱ ጁላይ 1 ይለወጣል። ከጁላይ 1 ቀን 2025 እስከ ጁን 30 ቀን 2026 ባለው ጊዜ የተፈቀደው ጭማሪ 5.7 በመቶ ሆኖ ተወስኗል። በዚህ መቶኛ ስሌቱ ቀላል ነው። አሁን የምትከፍሉት 1,850 ዶላር ከሆነ በ0.057 አባዙት፤ 105 ዶላር ከ45 ሳንቲም ይመጣል። አዲሱ ኪራይ ከ1,955 ዶላር ከ45 ሳንቲም መብለጥ የለበትም ማለት ነው። ወረቀቱ 2,035 ዶላር ካለ ጭማሪው 10 በመቶ ነው፤ በወር 79 ዶላር ከ55 ሳንቲም፣ በዓመት ደግሞ 954 ዶላር ከ60 ሳንቲም ያለ አግባብ እየተጠየቃችሁ ነው።

ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ ወረቀቱ በሌላ ነገር ሊወድቅ ይችላል። ጭማሪው ከመጀመሩ ቢያንስ 90 ቀን በፊት በጽሑፍ መድረስ አለበት፤ በቃል ወይም በቴክስት "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ" ማለት አይሠራም። በ12 ወር ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ መጨመርም አይቻልም። ወረቀቱ የአሁኑን ኪራይ፣ የሚጠየቀውን ኪራይ፣ የጭማሪውን መቶኛና የሚጀምርበትን ቀን ማስፈር አለበት፤ ተከራዩ ጭማሪው በዝቷል ብሎ ካመነ ካውንቲው እንዲመረምርለት መጠየቅ እንደሚችልም መግለጽ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ በዚያው ጉድለት ብቻ መከራከር ይቻላል። ወረቀቱ የመጣበትን ፖስታ አትጣሉት። በማኅተሙ ላይ ያለው ቀን 90ውን ቀን ለመቁጠር ያገለግላል። በፖርታል ወይም በኢሜይል የመጣ ከሆነ ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ጣሪያው ግን ሁሉን ቤት አይሸፍንም፤ ሰዎች የሚሳሳቱትም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ለኪራይ ከቀረቡ 23 ዓመት ያልሞላቸው አዳዲስ ሕንፃዎች ውጭ ናቸው። በዳውንታውን ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በቤተዝዳ ባለ መስታወት አዲስ ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ሰው ጎረቤቱ በአሮጌው ጡብ ሕንፃ ያገኘውን መብት ላያገኝ ይችላል። የሕንፃችሁን ዕድሜ ለማወቅ በሜሪላንድ የንብረት ግምት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አድራሻችሁን አስገቡ፤ የተሠራበት ዓመት ይወጣል። ማኔጅመንቱ "አድሰነዋልና አዲስ ነው" ቢላችሁ ኩሽና መቀየርና ወለል ማንጠፍ ሕንፃውን አዲስ አያደርገውም።

ሌላው ውጭ የሆነው፣ በካውንቲው ውስጥ ከሁለት የማይበልጡ የሚከራዩ ቤቶች ያሉት ግለሰብ አከራይ ነው። ይህን በደንብ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ በማኅበረሰባችን ውስጥ ሕጉን የሚቃወሙት ብዙዎቹ ቤዝመንታቸውን ወይም አንድ ኮንዶ የሚያከራዩ ቤተሰቦች ናቸውና። በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም በሠርግ ቤትም "ሞርጌጁ፣ ታክሱ፣ ኢንሹራንሱ ሲጨምር እኛስ ምን ልንሆን ነው?" የሚል ስጋት ይሰማል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ሕጉ ግን ወደ እናንተ አልመጣም። ካውንስሉ ይህን ክፍል ሆን ብሎ ነው ያወጣው። ጣሪያው የተሠራው በመቶዎች የሚቆጠሩ አፓርታማዎችን ይዘው የኪራዩን ዋጋ በኮምፒውተር ፕሮግራም ለሚወስኑ ኩባንያዎች ነው። የእኛ ትናንሽ አከራዮች ከእነሱ ጎን ተሰልፈው ሲቃወሙ ማየት ያሳዝነኛል፤ የሚጠብቁት የሌላ ሰው ትርፍ ነው።

ነገር ግን ከጣሪያው ነፃ መሆን ከሁሉም ሕግ ነፃ መሆን አይደለም። ቤዝመንት ለማከራየትም የካውንቲ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ የሌለው አከራይ ኪራይ አልተከፈለኝም ብሎ ፍርድ ቤት ሲሄድ ይሸነፋል፤ የክሱ ቅጽ ራሱ የፈቃዱን ቁጥር ይጠይቃል። ለእኛ ሰው ተብሎ በእምነት፣ ያለ ውልና ያለ ፈቃድ የሚደረግ ኪራይ ሲበላሽ ሁለቱንም ወገን ነው የሚጎዳው።

ጭማሪው ከጣሪያው በላይ ከሆነ ምን ይደረግ? አትፈርሙ፤ ነገር ግን የምትከፍሉትንም ኪራይ አታቋርጡ። ኪራይ ማቋረጥ አከራዩን በቀላሉ ወደ ፍርድ ቤት ይወስደዋል፤ ጉዳዩም ስለ ጭማሪው መሆኑ ይቀርና ስላልተከፈለ ገንዘብ ይሆናል። መጀመሪያ ለማኔጅመንቱ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፦ የአሁኑ ኪራይ፣ የተጠየቀው፣ የተፈቀደው መቶኛ፣ "እንዲስተካከል እጠይቃለሁ"። ቢሮ ሄዶ መነጋገር ጥሩ ነው፤ በማግሥቱ ግን የተነጋገራችሁትን በኢሜይል አረጋግጡ። በቃል የተባለ ነገር ማኔጀሩ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ካልተስተካከለ ለካውንቲው የቤቶችና የማኅበረሰብ ጉዳዮች መምሪያ፣ የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮ አቤቱታ አስገቡ። በ311 ይደወላል፤ ከካውንቲው ውጭ ለሚደውል 240-777-0311 ነው። ስልኩ ሲነሳ "አማርኛ" በሉ፤ አስተርጓሚ በመስመር ላይ ይገባል። ልጅን ለትርጉም ማስቀመጥ አያስፈልግም። አቤቱታው ገንዘብ አይጠይቅም። ሊዙን፣ የጭማሪውን ወረቀትና ያለፉትን የክፍያ ማስረጃዎች አያይዙ። የአቤቱታውን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ።

ጣሪያውን በጓሮ በር ለመዝለል የሚደረገው ሌላው ነገር ክፍያ መደርደር ነው። ኪራዩ በ5 በመቶ ይጨምራል፤ ከጎኑ የፖርታል ክፍያ፣ የቆሻሻ ክፍያ፣ የፓርኪንግ፣ "የአገልግሎት" የሚሉ መስመሮች ብቅ ይላሉ። ካውንቲው ከኪራይ በላይ ምን ምን ክፍያ ማስከፈል እንደሚቻል ባወጣው ደንብ ወስኗል። ስለዚህ ያለፈው ዓመትና የዘንድሮው ሌጀር (የክፍያ መዝገብ) በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁና መስመር በመስመር አስተያዩ። ኪራይ ዘግይቶ ሲከፈል የሚጠየቀው ሌት ፊም በስቴቱ ሕግ ከ5 በመቶ መብለጥ አይችልም።

ስለ ጥገና ደግሞ ሌላ ዓይነት ስሕተት አለ። ማሞቂያው ሲበላሽ፣ አይጥ ሲገባ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ተከራዩ ተናድዶ ኪራዩን ይይዛል። ንዴቱ ትክክል ነው፤ መንገዱ ግን ለአከራዩ የተመቸ ነው። የሜሪላንድ ሕግ ለዚህ የሰጠው መንገድ ሬንት ኤስክሮ ይባላል፤ ኪራዩን ለአከራዩ ሳይሆን ለፍርድ ቤት መክፈል። ለዚህ አከራዩ ችግሩን በጽሑፍ እንዲያውቀው መደረግ አለበት፤ በሰርቲፋይድ ሜይል (መላኩ በፖስታ ቤት ማስረጃ በሚረጋገጥ ፖስታ) የተላከ ደብዳቤ ወይም የካውንቲው ተቆጣጣሪ የጻፈው የጥሰት ወረቀት ይበቃል። ከዚያ ለመጠገን ተገቢ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከ30 ቀን በላይ ማለፍ ተገቢ እንዳልሆነ ሕጉ ይገምታል። ካልጠገነ ለዲስትሪክት ኮርት አቤቱታ ይገባል፤ ዳኛው ኪራይ እንዲቀነስ ወይም ገንዘቡ ለጥገና እንዲውል ሊያዝ ይችላል።

ይህ የሚሠራው ግን ለሕይወት፣ ለጤና ወይም ለደኅንነት አደጋ ለሆነ ነገር ነው፤ ለደበዘዘ ቀለም አይሆንም። አይጥን በተመለከተ ሕጉ የሚለው ልብ ሊባል ይገባል፦ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቤቶች ውስጥ መኖር አለበት። አንድ ሰው ብቻውን ቢያመለክት "የአንተ ቤት ንጽሕና ነው" ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ከላይኛው ፎቅ ያለው የኤል ሳልቫዶር ቤተሰብና ከጎን ያለችው የእኛ እናት በአንድ ሳምንት ውስጥ እያንዳንዳቸው ለ311 ቢደውሉ፣ ተቆጣጣሪው ሁለቱንም ቤት አይቶ ቢጽፍ፣ ጉዳዩ ሌላ ክብደት ይኖረዋል። በሞንጎመሪ ማሞቂያው ቤቱን 68 ዲግሪ ፋራናይት ማድረስ አለበት፤ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ደግሞ ማቀዝቀዣው ቤቱን ከ80 ዲግሪ በታች መያዝ አለበት። ርካሽ ቴርሞሜትር ከግድግዳው ላይ አድርጋችሁ ከነሰዓቱ ፎቶ አንሱት፤ "ይበርዳል" ከሚለው ቃል ይልቅ "በጃንዋሪ ምሽት 59 ዲግሪ" የሚለው ፎቶ ለዳኛው ይናገራል።

ዲፖዚትን፣ ማለትም ስትገቡ የምታስይዙትን ገንዘብ፣ ቶሎ ልለፈው፤ ሕጉ ግልጽ ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ በሚፈረም ሊዝ ላይ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ ዲፖዚት መጠየቅ አይቻልም፤ ቀድሞ ሁለት ወር ነበር። ስትወጡ በ45 ቀን ውስጥ፣ ከተቀነሰም በዝርዝር ተጽፎ፣ መመለስ አለበት፤ ያለ ምክንያት የያዘ አከራይ እስከ ሦስት እጥፍ ሊከፍል ይችላል። ከመውጣታችሁ ቢያንስ 15 ቀን በፊት በሰርቲፋይድ ሜይል የምትወጡበትን ቀንና አዲሱን አድራሻ ጽፋችሁ ፍተሻው ላይ እንድትገኙ ጠይቁ። ይህን ባለማድረግ ብቻ ብዙ ገንዘብ ይቀራል።

የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣም አትቅሩ። ኪራይ ያልተከፈለ እንደሆነ አከራዩ ከመክሰሱ 10 ቀን በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ እሱን ሳይሰጥ የከሰሰ ጉዳዩ ሊወድቅበት ይችላል፤ ይህን የሚያነሳው ግን ችሎት የተገኘ ተከራይ ነው። የቀረ ይፈረድበታል። ሜሪላንድ በ2021 ያወጣችው ሕግ ገቢው ከስቴቱ መካከለኛ ገቢ ግማሽ የማይበልጥ ተከራይ በኢቪክሽን (ከቤት የማስወጣት) ጉዳይ ነፃ ጠበቃ እንዲያገኝ ያደርጋል። ስቴቱ በ2024 የክስ ማስገቢያውን ተጨማሪ ክፍያ ከ8 ዶላር ወደ 43 ዶላር ያሳደገውም አንዳንድ ኩባንያዎች ፍርድ ቤቱን በየወሩ እንደ ኪራይ ሰብሳቢ ስለሚጠቀሙበት ነው። ውሳኔ ከተሰጠም በኋላ ሸሪፍ እስኪያስወጣ ድረስ ዕዳውን ከፍሎ መቅረት ይቻላል፤ በ12 ወር ውስጥ ሦስት ፍርድ ያለበት ሰው ግን ይህን መብት ያጣል።

አሁን ወደ ቀዳዳው ልምጣ። እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ተከራዩ አቤቱታ ለማቅረብ ድፍረት አለው ብሎ ያስባል። አብዛኛው ሰው ግን አይደፍርም፤ የማይደፍርበትም ምክንያት ፍርሃት ብቻ ሳይሆን የሕጉ ቅርጽ ነው። በሜሪላንድ ሊዝ ሲያልቅ አከራዩ በሕግ የተወሰነውን ማስታወቂያ አስቀድሞ ሰጥቶ፣ ምክንያቱን ሳይናገር፣ አላድስም ማለት ይችላል። ኪራዩን በቀኑ የከፈለ፣ ጎረቤት ያላስቸገረ፣ አሥር ዓመት የኖረ ሰው ቢሆንም። ልጆቹ በዚያው ትምህርት ቤት ዞን ቢሆኑም።

በእርግጥ ስቴቱ የበቀል ክልከላ አለው። ተከራይ ለካውንቲው አቤት ስላለ፣ አከራዩን ስለ ከሰሰ ወይም የተከራይ ማኅበር ውስጥ ስለ ገባ አከራዩ ሊያስወጣው፣ ኪራይ ሊጨምርበት ወይም አገልግሎት ሊቀንስበት አይችልም፤ ካደረገ እስከ ሦስት ወር ኪራይ ካሳና የጠበቃ ወጪ ሊፈረድበት ይችላል። ነገር ግን አንቀጹን እስከ መጨረሻው አንብቡት። አከራዩ እርምጃ የወሰደው ተከራዩ አቤት ካለ ከ6 ወር በኋላ ከሆነ እንደ በቀል አይቆጠርም። ተከራዩ ውዝፍ ኪራይ የሌለበት መሆንም አለበት። ስለዚህ በማርች ስለ አይጥ የጮኸ ሰው፣ ሊዙ በቀጣዩ ጃንዋሪ መጨረሻ የሚያልቅ ከሆነ፣ አከራዩ ማድረግ ያለበት መጠበቅ ብቻ ነው። ሰባተኛው ወር ሲገባ ወረቀቱ ይመጣል፤ ምክንያት አልተጻፈበትም፤ ሕግም አልተጣሰም። ይህን የሚያውቅ ተከራይ በማርች ዝም ይላል። ከጣሪያው በላይ ሲጨመርበትም ዝም ይላል። የእንግሊዝኛ ችግር ያለበት፣ የመኖሪያ ወረቀቱ ያላለቀለት፣ ሌላ ቤት ሲፈልግ የክሬዲት ታሪክ የሚጠየቅ ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ ዝም ይላል።

መፍትሔው ይታወቃል፤ በእንግሊዝኛ ጉድ ኮዝ ይባላል። አከራይ ሊዝ አላድስም ሲል ምክንያቱን መጻፍ አለበት፦ ኪራይ አለመክፈል፣ ሊዝ መጣስ፣ ሕገ ወጥ ሥራ፣ ባለቤቱ ራሱ ሊገባበት መፈለጉ፣ ሕንፃውን ከገበያ ማውጣት፣ ወዘተ። ችግር ፈጣሪ ተከራይን ማስወጣት አይከለክልም፤ ያለ ምክንያት ማስወጣትን ብቻ ነው የሚከለክለው። ሞንጎመሪ ካውንቲ ይህን ብቻውን ማውጣት አይችልም፤ የስቴቱ ሕግ አውጪ መፍቀድ አለበት። አናፖሊስ የቀረበው ረቂቅም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ሁሉም ካውንቲ ያድርግ አይልም፣ የፈለገ ካውንቲ እንዲያደርግ ይፈቀድለት ይላል። በ2024 የተወካዮች ምክር ቤቱ አጽድቆት ወደ ሴኔት ሄደ፤ በሴኔቱ የፍርድ ጉዳዮች ኮሚቴ ውስጥ ቀረ። እስከ 2025 ስብሰባ ማብቂያ ድረስም ሕግ አልሆነም።

በ2024 የዚያ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ሴናተር ዊሊያም ስሚዝ ናቸው፤ የሚወክሉትም ዲስትሪክት 20ን፣ ሲልቨር ስፕሪንግንና ታኮማ ፓርክን ነው። በሜሪላንድ ውስጥ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ሰፈሮች አንዱ ማለት ነው። ረቂቁ የቀረው ከማናውቀው ሩቅ አውራጃ በመጣ ሴናተር ምክንያት ነው ብለን ማመካኘት አንችልም። ቢሯቸው የእኛን ስልክ፣ የእኛን ደብዳቤ የመስማት ግዴታ አለበት፤ እኛም የማሰማት።

የሜሪላንድ ሕግ አውጪ የሚሰበሰበው በዓመት 90 ቀን ብቻ ነው፤ ከጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ጀምሮ እስከ ኤፕሪል። ስለዚህ በሜይ የሚጻፍ ደብዳቤ ዘግይቷል። ረቂቁ ቁጥር የሚያገኘው በአብዛኛው በጃንዋሪ ነው፤ ችሎቱ ብዙውን ጊዜ ፌብሯሪና ማርች ላይ ይውላል። መመስከር የሚፈልግ ሰው በሕግ አውጪው ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍቶ ከችሎቱ በፊት መመዝገብ አለበት፤ በችሎቱ ቀን ሄዶ ልናገር ቢል አይፈቀድለትም። የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ሁለት ደቂቃ ያህል። በሁለት ደቂቃ ስለ ፍትሕ በጥቅሉ መናገር ጊዜ ማባከን ነው። "በዚህ ሰፈር ይህን ያህል ዓመት ኖርኩ፣ በዚህ ወር አቤት አልኩ፣ በዚህ ወር ሊዝዎ አይታደስም ተባልኩ፣ የረቂቁን ቁጥር እደግፋለሁ" በቂ ነው። መናገር የማይችል በጽሑፍ ያስገባል፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ዜጋ መሆን አያስፈልግም። ማንኛውም ነዋሪ መመስከር ይችላል፤ ይህ በካውንቲው ካውንስልም በአናፖሊስም ያው ነው።

ብቻውን የሚሄድ ሰው ግን ይደክማል። የካውንቲው ሕግ ተከራዮች ማኅበር እንዲያቋቁሙና በሕንፃው የስብሰባ ክፍል እንዲሰበሰቡ መብት ይሰጣል፤ በወር የመጀመሪያው ስብሰባ ያለ ኪራይ ነው። ዕድርና ዕቁብ ስንመራ የኖርን ሰዎች ነን። ስም መመዝገብ፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ገንዘብ መቁጠር፣ ያልመጣውን መጥራት እናውቃለን። ያንኑ ልማድ ከስፓኒሽ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን ለሕንፃው ማዋል ነው። ከእያንዳንዱ ፎቅ አንድ ሰው፣ አንድ የዋትስአፕ ግሩፕ፣ የጥገና ችግሮች የሚጻፉበት አንድ ደብተር ከነቀኑ። በሰባተኛው ወር ለአንድ ሰው ወረቀት ሲመጣ የሚታየው ነገር አንድ ሰው ብቻ አይሆንም።

ድምፅ መስጠትን በተመለከተ በየምርጫው የሚደገም ስሕተት አለ። ብዙ አዲስ ዜጎች ሲመዘገቡ "የፓርቲ ነገር አልፈልግም" ብለው ፓርቲ የለሽ የሚለውን ይመርጣሉ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ከአገር ቤት የመጣንበት ታሪክ ነው። ነገር ግን የሜሪላንድ ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን የሚመርጡበት ምርጫ፣ ዝግ ነው። ፓርቲ የለሽ የሆነ ሰው በዴሞክራቲክ ፕራይመሪ ለካውንስል፣ ለሴናተር፣ ለካውንቲ ኤግዘኪዩቲቭ ድምፅ መስጠት አይችልም። በ2022 የተመረጡት 11ዱም የካውንስል አባላት ዴሞክራቶች ናቸው፤ በሞንጎመሪ ውድድሩ የሚያልቀው በፕራይመሪው ነው፣ ኖቬምበር ላይ ማረጋገጫ ብቻ ይቀራል። እነዚህ ሁሉ መቀመጫዎች በ2026 ለምርጫ ይቀርባሉ። ፓርቲ መቀየር የሚቻለው ከምርጫው 21 ቀን በፊት ድረስ ነው፤ በምርጫው ዕለት አዲስ መመዝገብ ይቻላል፣ ፓርቲ መቀየር ግን አይቻልም። በስቴቱ የምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ስማችሁን አስገብታችሁ ምን ተብላችሁ እንደተመዘገባችሁ እዩ።

ግሪን ካርድ ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ የመራጭነት ጥያቄ ሲመጣ አልፋችሁት ሂዱ፤ ዜጋ ሳይሆኑ በስቴት ምርጫ መመዝገብ የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁን ያበላሻል። ታኮማ ፓርክ ልዩ ነው፤ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቹ በከተማው ምርጫ ድምፅ ይሰጣሉ፣ መዝገቡም የተለየ ነው። የራሱ የሆነ፣ ከካውንቲው የጠበቀና ከ1980ዎቹ ጀምሮ የቆየ የኪራይ ገደብም አለው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ከተማ መገኘታቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

"ጣሪያ ካለ ማንም ቤት አይሠራም" ለሚሉት ደግሞ በአክብሮት መልስ መስጠት ያስፈልጋል፤ ቤት ማነሱ እውነተኛ ችግር ነውና። የሚጠቀሱት ሴንት ፖል፣ ሚኔሶታን ነው። እዚያ በ2021 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው የ3 በመቶ ጣሪያ አዲስ ሕንፃንም ይጨምር ነበር፤ የግንባታ ፈቃድ ጥያቄው ወዲያው ወረደ፣ ከተማው በ2022 አዲስ ሕንፃን ለ20 ዓመት ነፃ አደረገ። ሞንጎመሪ ግን ከመጀመሪያው ለአዲስ ሕንፃ 23 ዓመት ሰጥቷል። ጎረቤታችን ፕሪንስ ጆርጅስም በ2024 ተመሳሳይ ቀመር አውጥቶ፣ ከ2000 ወዲህ የተሠሩትን ነፃ አድርጓል። ቤት ይሠራ፣ በሜትሮ ጣቢያዎች ዙሪያ ብዙ ይሠራ። አዲሱ ሕንፃ እስኪያልቅ ግን ዓመታት ይፈጃል፤ የሊዝ ማደሻው ወረቀት የሚመጣው በየ12 ወሩ ነው።

ለጋዜጣው አንድ ጥያቄ አለኝ። በየዓመቱ ጁን ማለቂያ ላይ የካውንቲው አዲስ መቶኛ ሲወጣ፣ በአማርኛ፣ በፊት ገጽ፣ ከ311 ቁጥር ጋር አትሙልን። በጃንዋሪ ደግሞ የረቂቁን ቁጥርና የችሎቱን ቀን። በየሐበሻ ሱቁ ካሸር አጠገብ የሚቀመጠው የእናንተ ጋዜጣ ነው፤ ካውንቲው የሚልከው ወረቀት የማይደርስበት ቤት ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ